ሊቀ ጠበብት ፍቃዱ እና የስድስት ሰዓቱ ገጽ

በየሰፈሩ በሩን ቆልፎ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን የሚጎትት አንድ ሰው አለ። ጎትቶ ይሄዳል፤ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ልቡ ይከዳውና እንደገና ይመለሳል። ጫጫ ከተማም አለ፣ ደነባ ከተማም አለ። እርስዎ ሰፈር ከሌለ ምናልባት ሰውየው እርስዎ ራስዎ ነዎት። የደብረ ብርሃኑ ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ድረ ገጽ ሠሪ ሆኗልና።

ስሙ ፍቃዱ ነው። የሥራ ባልደረባው ሰርካለም በተናደደች ቁጥር «ሊቀ ጠበብት» ትለዋለች። ሁለቱ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ይሠራሉ። ደንበኛ የምታነጋግረውና ቀን የምትቆርጠው እሷ ናት፤ እሱ ገጹን ይሠራል። ሠርቶ መጨረስ አያቅተውም፤ የሚያቅተው «ጨረስኩ» ማለት ነው። ስለዚህ ደንበኛ በደወለ ቁጥር ሰበብ የምትፈልገው ሰርካለም ናት።

«ኧረ አይሆንም» ሲሉት መልሱ ምንጊዜም «ቢሆንስ?» ነው። በትንሽ ስልክ ላይ ወልደአረጋይ የሚለው ስም ለሁለት ቢቆረጥስ? ኔትወርኩ ደክሞ ፎቶው ባይመጣስ? ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ግራጫውን ፊደል ማየት ቢያቅታቸውስ? ይህን ሁሉ ለማጣራት ያገኘውን ሰው ሁሉ ስልክ ይለምናል። መናኸሪያ ወርዶ የሚኒባስ ረዳቶችን ያስጨንቃል፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ካየማ ደስታውን አይችለውም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ገብረአማኑኤልን ወደ ጥግ ጠርቶ ጎንበስ ብሎ፣ «አባ፣ ካላስቸገርኩ ስልክዎን ላንድ አፍታ» አላቸው። እሳቸውም ስልኩን ከቀሚሳቸው ኪስ እያወጡ፣ «እኔ እኮ ልጄ፣ ንስሐ የምትገባ መስሎኝ ነበር» አሉት። ፍቃዱ ግን አልሰማም፤ ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች እየገፋ ነበር።

ሰርካለም እንዲህ እንደ ዘንድሮ የተጨነቀችበት ሥራ የለም። ሰላ ድንጋይ አካባቢ ያሉ ሱፍ ፈታዮችና ሸማኔዎች ማኅበር አቋቁመው ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚሸጡበት ገጽ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ አልታየች ናቸው። አዲስ አበባ ያለ አንድ አዲስ ሆቴል ለክፍሎቹ ሁሉ ባና ፈልጓል፤ ዕቃ ገዢዋ ናዝራዊት የምትባል ሴት ናት። እሷም ቅዳሜ ጠዋት ገጹን አይታ ከወደደች ታዛለች፣ ካልወደደች ወደ ውጭ አገር ዕቃ ትሄዳለች። ወይዘሮ አልታየች ይህን ለሰርካለም ሲነግሯት፣ «ልጄ፣ ይቺ ካመለጠችን ክረምቱን ሙሉ መሸመኛው ሥራ ፈቶ መቆሙ ነው። ነጋዴ ደጃችን መጥቶ በፈለገው ዋጋ ይወስድብናል» ብለዋት ነበር። ሰርካለም እጃቸውን ይዛ «አይዞዎት እትዬ» ብላ ቃል ሰጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ተለያት።

ሊቀ ጠበብት ግን በአንዲት ቁልፍ ተይዘው ቀሩ። ደንበኛው የሚጫነው ቁልፍ ላይ ምን ይጻፍ? «እዘዝ» ቢባል ሴቶቹ ይቀየማሉ፣ «እዘዢ» ቢባል ወንዶቹ ይሸሻሉ፣ «ይዘዙ» ቢባል ደግሞ ወጣቱ ለአያቱ የተጻፈ ይመስለዋል።

«ማዘዣ በለው» አለችው ሰርካለም። «ማዘዣ ወንድም ሴትም አይደለም።»

«የፍርድ ቤት ማዘዣ መስሏቸው ቢደነግጡስ?»

«ፍቄ፣ ባና ሊገዛ የመጣ ሰው ማንን ፈርቶ ነው የሚደነግጠው?»

በግድ አስማማችው። ገጹም ረቡዕ ወጣ። ያማረ ገጽ ነበር፤ የባናው ፎቶ በእጅ የሚዳሰስ ይመስል ነበር። ትዕዛዝ የሚዘጋው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ነው፤ ወይዘሮ አልታየች በታዘዘው ልክ ከቅዳሜው ገበያ ሱፍ መግዛት ስላለባቸው ሰዓቱን የቆረጡት ራሳቸው ነበሩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሰርካለም ቢሮ ገብታ ገጹን ከፈተችው። መሐሉ ላይ «ትዕዛዝ ተዘግቷል» ይላል። ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት እንኳን አልሞላም። ፍቃዱን ጠራችው። መጥቶ አጎንብሶ አየ፣ ኮዱን ከፈተ፣ ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስድስት ሰዓት ብዬ ነው የጻፍኩት» አለ። «እትዬ አልታየች እንዳሉት፣ ስድስት ሰዓት።»

ኮምፒዩተሩ ስድስት ሰዓት ሲሉት የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ስለዚህ በእኛ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዶሮው ጮኾ ሳይጨርስ፣ ሱቁን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። የከተማውን ስልክ ሁሉ ለምኖ ያየ ሰው የገዛ ሰዓቱን አላየም።

ፍቃዱ ሰዓቱን አስተካክሎ ገጹን ከፈተው፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ናዝራዊት ጉዞ ስላለባት ከመንገዷ በፊት ሁለት ሰዓት ላይ አያለሁ ብላ ነበር። ደወሉላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ወይዘሮ አልታየች ጋ ደወሉ፤ ተይዟል። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ተይዟል። ሰርካለም ምን ብላ እንደምትነግራቸው እያሰበች ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ፍቃዱ አጠገቧ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ነበር።

ስልኩ ሲጠራ ሁለቱም ዘለሉ። ወይዘሮ አልታየች ናቸው፤ ከኋላቸው የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

«ሰርካለም ልጄ፣ ያቺ የሆቴሏ ልጅ እኮ ደወለችልኝ። ተዘግቷል ቢላት ልትተወው ነበር አሉ። ከሥር ግን ገጹ ራሱ፣ ‹ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ እባክዎ ወይዘሮ አልታየችን ይጠይቁ› ብሎ ስልኬን ሰጣት። እኔም አልተዘጋም አልኳት፤ ለሁሉም ክፍል አዘዘች። እንዲህ ያለ ትሑት ገጽ አላየሁም ብላ ስትስቅ ነበር። ለመሆኑ ይሄ ነገር እንዲህ ይናገራል እንዴ?»

ሰርካለም ስልኩን ዘግታ ፍቃዱን አየችው። ያንን ጽሑፍ አይታው አታውቅም፤ የሚወጣው ገጹ ሲዘጋ ብቻ ነው።

«መቼ ነው የጻፍከው?»

«መጨረሻ ላይ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ታስጠፊኛለሽ ብዬ ነዋ።»

እውነቱን ነው፤ ታስጠፋው ነበር። ተሳስቼ ይሆናል የሚል ሱቅ የት አለ ብላ ትሟገተው ነበር። አሁን ግን ይህን ጭንቀታም ሰው አቅፋ ልትስመው ቃጣት፤ እንባዋም መጣ። እሱ ይህን ሁሉ አላየም። ዓይኑን ገጹ ላይ ተክሎ ግንባሩን ቋጥሯል።

«ሰርኬ፣ ስልክ ቁጥራቸውን ግን በትክክል ጽፌው ይሆን?»

ናዝራዊት የደወለችላቸው በዚያው ቁጥር እንደሆነ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው። የራሷን ስልክ አንሥታ ቁጥሩን ከገጹ ላይ አንድ በአንድ ጮክ ብላ እያነበበች፣ እሱም በጣቱ እየተከተለ፣ ደወለች።

«አቤት፣ ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» አሉ ወይዘሮ አልታየች።

«ምንም አልሆንንም እትዬ» አለች ሰርካለም። «ፍቃዱ እርስዎ መሆንዎን ሊያረጋግጥ ነው።»