መምህሩ ለቀዶ ሐኪሟ የጻፉት መመሪያ

«አልጋ ተገኝቷል፤ ነገ ይግቡ» የሚለው ስልክ ሲደወል መምህሩ የሟች ባለቤታቸውን አበባ ውሃ እያጠጡ ነበር። ስልኩን ዘግተው ማጠጣቱን ቀጠሉ፤ ውሃው ሞልቶ እግራቸው ላይ ሲወርድ ነው የነቁት።

ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። አንገታቸው ላይ በግራ በኩል እንቁላል የሚያህል እንቅርት አለባቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ባለቤታቸው ዕድሜዋን ሙሉ በሠራችበት ቤተ መጻሕፍት አንድ የንባብ ክፍል በስሟ ይከፈታል፤ ንግግር የሚያደርጉትም እሳቸው ናቸው። በቀብሯ ቀን ምላሳቸው ተሳስሮ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ተመልሰዋል። አሁን ደግሞ ቀዶ ጥገናው ድምፃቸውን ይዞባቸው እንዳይሄድ ፈርተዋል። መፍራታቸውን ለማንም አልተናገሩም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሕክምና መጽሐፍ ሲያገላብጡ ከረሙ እንጂ።

[የሆስፒታል ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ። መምህሩ የሕመምተኛ ጋውን ለብሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ቦርሳ እየፈታ ነው። ሥራው የስልክ ገመድ መቅበር ነው።]

መምህሩ፦ ስድስት ጥንድ ካልሲ! ነገ የሚቆረጠው አንገቴ ነው እግሬ?

አማቹ፦ ይበርድሃል ብዬ ነው፣ ጋሼ።

መምህሩ፦ የማድረው ሁለት ሌሊት ነው!

አማቹ፦ ሁለት ሌሊት፣ ሁለት እግር፣ አራት። ሁለቱ መጠባበቂያ።

መምህሩ፦ ካልሲ በጥንድ ነው የሚቆጠረው፣ አንተ ሰውዬ! እግር ሁለት መሆኑ እዚያው ውስጥ አለ!

አማቹ፦ እሱስ አለ። ግን እግርህ መቼም አይሞቅም፤ እህቴ ስታማርር ሰምቻለሁ።

መምህሩ፦ [ካልሲውን ነጥቀው ወደ ቦርሳው እየመለሱ] ተወው። ቁም ነገር እንነጋገር። አንገትህን ስጠኝ።

አማቹ፦ ምን ልታደርገው?

መምህሩ፦ ካርታ ላሳይህ። [የጋውናቸውን መቀነት ፈትተው አማቹ አንገት ላይ ያደርጉታል] ይኸውልህ፣ ይህ ነርቭ ነው። ድምፅን የሚያዘው እሱ ነው።

አማቹ፦ ጋሼ፣ ጋውኑ ከኋላ ተከፈተ።

መምህሩ፦ ትምህርት ላይ ነን፤ ወደ ፊት ተመልከት። ነርቩ ከራስ ቅል ይነሣና በአንገት በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ድምፅ የሚወጣበት ማንቁርት እዚህ ጋ ነው። የነርቩ ሥራ እዚህ ነው። እንግዲህ እዚህ ሲደርስ ምን ያደርጋል?

አማቹ፦ ይቆማላ። ደርሷል እኮ።

መምህሩ፦ አይቆምም! ጥሎት ያልፋል። ደረት ውስጥ ይገባል፤ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ሥር ይዞራል፤ ከዚያ ሽቅብ ተመልሶ ይመጣል።

አማቹ፦ ደረት ውስጥ ምን ጉዳይ አለው?

መምህሩ፦ ምንም። ዞሮ መመለስ ብቻ።

አማቹ፦ አንተን ይመስላላ። ዳቦ ልግዛ ብለህ ወጥተህ፣ ዳቦ ቤቱን አልፈህ፣ ከተማውን ዞረህ ነው የምትመለሰው።

መምህሩ፦ ሠላሳ አራት ዓመት ወንዝ ሳስተምር ኖሬ እንዲህ ያለ ወንዝ አላየሁም! ሲመለስ ደግሞ በአየር ቧንቧውና በምግብ ቧንቧው መሀል ባለች ቦይ ውስጥ ተሸጉጦ ነው። ከፊቱ ማን ተለጥፎበታል? የኔው እንቅርት! ሐኪሟ እንቅርቱን ስታወጣ እሱን ከቆረጠችው፣ የግራው የድምፅ አውታሬ ሽባ ሆነ ማለት ነው። ብናገር እንደ ተነፈሰ ጎማ ነው።

አማቹ፦ ለሁልጊዜ?

መምህሩ፦ ከተቆረጠ። ያለኝ አምስት ሳምንት ነው።

አማቹ፦ ለንባብ ክፍሉ።

መምህሩ፦ የንባብ ክፍሉን ማን አነሣው?

አማቹ፦ አንተ። አምስት ሳምንት አልክ።

መምህሩ፦ ወደ ካርታው! ከላይ ደግሞ አንዲት ክር የምታህል ነርቭ አለች። ድምፅህን ወደ ላይ ከፍ የምታደርገው እሷ ናት። እሷ ከተጎዳች መጮኽ ቀረ።

አማቹ፦ [አሰብ አድርጎ] እሷን እንኳ...

መምህሩ፦ እሷን ምን?

አማቹ፦ ምንም። ጎረቤቶችህ ትዝ ብለውኝ ነው።

መምህሩ፦ ቀልድ! እኔ ግን ተዘጋጅቻለሁ። [ከትራሳቸው ሥር ወረቀት ያወጣሉ] ለሐኪሟ የተሰጠ መመሪያ። አንድ፦ ነርቩን አይፈልጉ። ሁለት፦ ነርቩን አይመልከቱ። ሦስት፦ ነርቩ ወዳለበት አይጠጉ። አራት፦ እጅዎ አይንቀጥቀጥ።

አማቹ፦ ካላየችው በምን ታውቃለች?

መምህሩ፦ ምኑን?

አማቹ፦ የት እንዳለ።

መምህሩ፦ ለምን ታውቃለች? ያልፈለገችውን አታገኝም፤ ያላገኘችውን አትነካም። ይህን ለመረዳት የግድ መማር ያስፈልጋል?

አማቹ፦ እኔ የማውቀው ዶማዬን ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ መንገድ ዳር ገመድ እንዳለ ተነግሮኝ ነበር። ፈራሁትና ሳልፈልገው ራቅ ብዬ ቆፈርኩ። የራቅሁ መስሎኛል፤ ለካ እላዩ ላይ ነበርኩ። ሰፈሩ ሁለት ቀን ስልክ አጣ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በእጄ አፈሩን ጠርጌ ገመዱን አያለሁ፤ ከዚያ ነው ዶማ የማነሣው።

መምህሩ፦ አንገቴን ከመንገድ ዳር ጋር አወዳደርከው?

አማቹ፦ መንገዱ እንኳ እንዲህ አይቆጣም።

መምህሩ፦ ዝም ብለህ አንገትህን አምጣ! እንዴት እንደሚዞር በደንብ ላሳይህ። እዚህ ጋ ይታጠፋል፣ ሽቅብ ይመጣል፣ እዚህ ጋ ይጠብቃል...

አማቹ፦ [እየታነቀ] ጋ... ጋሼ...

[በሩ ይከፈታል። ቀዶ ሐኪሟ ትገባለች። ነጭ ካፖርት የለበሰች፣ አጠር ያለች ሴት ናት። አንድ በሽተኛ ጋውኑ ከኋላው ተከፍቶ፣ በሁለት እጁ አስታማሚውን አንቆ ታያለች።]

ሐኪሟ፦ መምህር፣ የሚታከሙት እርስዎ መስለውኝ ነበር።

መምህሩ፦ [መቀነቱን ለቀው ጋውናቸውን እየሰበሰቡ] ዶክተር! የነርቩን አካሄድ እያስረዳሁት ነው። ለእርስዎም በጽሑፍ አለ። እባክዎ ያንብቡት።

ሐኪሟ፦ [ታነባለች፤ ከንፈሯን ትነክሳለች] በአራተኛው እስማማለሁ።

መምህሩ፦ በሌሎቹስ?

ሐኪሟ፦ ተቃራኒውን ነው የማደርገው። በመጀመሪያ ነርቩን እፈልገዋለሁ። በዓይኔ ሳላየው እሱ ሊኖር በሚችልበት ቦታ ምንም አልቆርጥም። ሐኪም ሳያስበው የሚቆርጠው ነርቭ ያላየውን ነው።

[መምህሩ አማቻቸውን ላለማየት ጣሪያውን ያያሉ።]

ሐኪሟ፦ ተኝተው ሳሉ የሚተነፍሱበት ቱቦ ላይ ቀጭን ሽቦ አለ። ነርቩን በመሞከሪያ ዘንግ ነካ ሳደርገው፣ የድምፅ አውታርዎ ይንቀሳቀስና መሣሪያው ይጮኻል። ያኔ እሱ ራሱ መሆኑን፣ ደህና መሆኑንም አውቃለሁ።

አማቹ፦ እኛም ዘንድ አለ! በአንደኛው ጫፍ ድምፅ እንልካለን፣ በሌላው እናዳምጣለን። ካልጮኸ ወይ ገመዱ አይደለም፣ ወይ ተበጥሷል።

ሐኪሟ፦ ልክ እንደዚያ ነው። እርስዎ ሐኪም ነዎት?

አማቹ፦ ኧረ እኔ ቆፋሪ ነኝ።

ሐኪሟ፦ መምህር፣ ከመጽሐፉ በፊት እሳቸውን ቢጠይቁ ይሻል ነበር።

መምህሩ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ነበር፣ ዶክተር። እኔ ግን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሩቅ ሄጄ ነበር።

አማቹ፦ ደረት ድረስ።

መምህሩ፦ [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ዶክተር፣ ለአምስት ሳምንት ቃል ይገቡልኛል?

ሐኪሟ፦ ቃል አልገባም። የብዙ ሰው ድምፅ አይጎዳም። የአንዳንዱ ነርቭ ሳይቆረጥም ሲነካካ ይደክምና ድምፁ ለጥቂት ሳምንት ወይም ለወራት ይሻክራል። ለሁልጊዜ እንደዚያው የሚቀርም አለ፤ ጥቂት ነው፣ ግን አለ። እጄ አይንቀጠቀጥም፤ የምሰጥዎ እሱን ነው።

መምህሩ፦ ይሁን። እሱም ነጥብ ነው።

ሐኪሟ፦ አሁን ድምፅዎን ልቅረጽ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እናወዳድረዋለን። አንድ ደቂቃ፣ የፈለጉትን ይናገሩ።

አማቹ፦ አንድ ደቂቃ ብቻ? ዶክተር፣ ጋሼ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ያልቃል።

መምህሩ፦ [ቀጥ ብለው፣ ክፍል ፊት እንደ ቆሙ] እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለአንዲት ቀዶ ሐኪም ቀዶ ጥገና አስተምሬአለሁ። ማሳያ እንዲሆን አንድ ሰው አንቄአለሁ፤ በሕይወት አለ። ከአራት ጥያቄ አንዱን መልሻለሁ። በእኔ ክፍል ቢሆን ይህ ውጤት ወላጅ ያስጠራ ነበር።

[ሐኪሟ እየሳቀች ገና እንደሚቀር በእጇ ታሳያለች።]

መምህሩ፦ ባለቤቴ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ባለቤቴ...

[ቀረጻው ይሄዳል። መምህሩ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። መቀነቱን ጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ። አማቹ መስኮቱን ለመክፈት ይነሣል፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ዘግቶ እንደገና ይከፍተዋል።]

ሐኪሟ፦ [ቀስ ብላ] ይበቃል፣ መምህር። ለማወዳደር ይህ በቂ ነው።

መምህሩ፦ ለእርስዎ በቂ ነው።

[ሐኪሟ ትወጣለች። ሁለቱ ጎን ለጎን አልጋው ላይ ይቀመጣሉ።]

አማቹ፦ ጋሼ፣ አሁን ነርቩም ጤነኛ፣ ማንቁርቱም ጤነኛ። ምን ያዘህ?

መምህሩ፦ እሱ መጽሐፉ ላይ የለም።

አማቹ፦ እኔም ዘንድ የለም። ቀብሯ ላይ ያነበብኩት ወረቀት ምን ይል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊደሉን ብቻ ነው ያየሁት።

መምህሩ፦ ጥሩ ነበር። ሰምቼሃለሁ።

አማቹ፦ እውነትህን ነው?

መምህሩ፦ ሁለት ቦታ ተሳስተሃል፤ ጥሩ ነበር።

[አማቹ ይስቃል። መምህሩም ይስቃሉ፤ ከዚያ ያቆማሉ።]

ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው። ንግግሩ ገና አልተጻፈም።