በረመዳን የተቀጠረች ምላስ

ሲያረጁ ከሚነጠቁት ነገር ሁሉ የሚከፋው ጥርስ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጥርስ ቢሄድ ገንፎ አለ፣ አጥሚት አለ። የሚከፋውስ ምላስ በአፍ ውስጥ ሙሉ ጤናዋን ተቀምጣ «እንዳይቀምሱ» መባል ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ያለችኝ ይህንኑ ነው፤ ስኳር አለብዎት፣ ከዛሬ ጀምሮ ጣፋጭ በከንፈርዎ እንዳያልፍ። እሺ አልኳት። ጣፋጭማ ድሮ ጠግቤዋለሁ፤ እንዴት እንደጠገብኩት ነው እንግዲህ የማወራችሁ።

ነገሩን ያመጣችው የልጅ ልጄ ሶልያና ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ አዲስ አበባ ተወልዳ እዚያው ያደገች። እናቷ የግማሽ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ጭሮ እኔ ዘንድ ለአንድ ሳምንት ትታት ተመለሰች። ከልጅቷ ጋር አንድ ጠርሙስም አብሮ መጥቶ ነበር፤ ፓንኬክ ላይ የሚፈስ፣ ሽሮፕ የሚሉት። እኛ የምናውቀው ሽሮፕ ለሳል ነው፤ የእነሱ ለቁርስ ነው። ያ ጠርሙስ ታዲያ መንገድ ላይ ቦርደዴ ቆላ ሙቀት ላይ ሲደርስ ክዳኑ ለቆ፣ ሻንጣ ውስጥ ፈስሶ አልቆ ኖሯል። እኔ ሻንጣውን ልከፍት ስል ጉንዳን ቀድሞኝ ገብቷል።

ሶልያና ደግሞ ሌላ ቁርስ አትበላም። ጨጨብሳ አቀረብኩ፣ ገፋችው። እርጎ አቀረብኩ፣ አሽታ መለሰችው። ሁዳዴና ረመዳን ዘንድሮ አንድ ላይ ስለገቡ በሰፈራችን ጠዋት የሚበላ አፍ የእሷ ብቻ ነበር፤ እሱም እምቢ አለ። በሁለተኛው ቀን በስልክ ለእናቷ «እማማ ቤት የሚበላ የለም፣ ውሰጂኝ» ስትል ሰማኋት። እናቷም እስከ ሐሙስ ካልበላች መጥቼ እወስዳታለሁ አለችኝ። አሰብኩት። ልጅ አንዴ አኩርፎ የሄደበት ቤት ሁለተኛ ይመጣል? ያን ሁሉ መንገድ ለማን ብሎ?

ባዶውን ጠርሙስ አንስቼ ከምን እንደተሠራ እንድታነብልኝ ሰጠኋት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስታነብልኝ የሆነ የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ የምትዘረዝር ነው የመሰለኝ። የገባኝ ስኳርና ውሃ የሚለው ብቻ ነው። ስኳርና ውሃማ ከሆነ፣ እኔ በስምንት ዓመቴ ተቀጥሬበታለሁ።

እትዬ ሙሚና ጎረቤታችን ናት፤ ያኔም ዛሬም ከአጥር ወዲያ። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች፣ ከተማውም ገና አሰበ ተፈሪ ነው የሚባለው። በረመዳን ሙሸበክ እየሠራች ትሸጥ ነበር፤ ያ ዘይት ውስጥ እንደ መረብ ተጠማዝዞ የሚጠበሰው፣ ከዚያ ትኩስ ስኳር ውሃ ውስጥ የሚነከረው። ግን ጾመኛ ናት፤ ስኳር ውሃውን እንዴት አድርጋ ትቅመስ? ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ላይ «ያ ኢንተላ» ብላ ትጠራኛለች፤ አንቺ ልጅት ማለቷ ነው። እኔ ጾም ያልጀመርኩ የክርስቲያን ልጅ። በማንኪያ ትሰጠኛለች፣ እፍ እፍ ብዬ እቀምሳለሁ። ደረሰ? ትለኛለች። እኔ እንደ ዳኛ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ገና ነው» እላለሁ። ሌላ ማንኪያ ይመጣል። አሁንም «ገና ነው»።

እናቴ ከሞተች ወዲህ እኛ ቤት እሳት የሚነደው አባቴ ሂርና ጫት ሲጭን ውሎ ሲመለስ ነበር፤ እስከዚያ ሆዴ ውስጥ የሚገባው ያ ማንኪያ ነው። ብቻ ሥራዬን እወደው ነበር። የእኔ ምላስ ባትኖር ኖሮ የከተማው ሰው ማፍጠሪያ ሁሉ ይበላሽ ነበር ብዬ ነው ያደግኩት።

እናም ረቡዕ ጠዋት ስኳሩን በውሃ ጣድኩ። ሄል ጣል አደረግኩበት። ቤቱ ያንን የድሮ ሽታ ሸተተ፤ ወዲያው ስምንት ዓመቴ ሆነ። አልቀመስኩም። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ የምታየኝ ነው የሚመስለኝ። ሳይቀመስ ደግሞ በምን ይታወቃል? ትንሽ ይንደድ፣ ትንሽ ይጨመር ስል ቆይቼ ባወርደው፣ ድስቱ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ቁጭ አለ። ማንኪያዬ መሃሉ ላይ እንደቆመች ቀረች። ሶልያና መጥታ አየችና፣ «እማማ፣ ይሄ በመዶሻ ነው የሚፈሰው?» አለችኝ።

እትዬ ሙሚናን በአጥር ጠራኋት። ከዘራዋን ተደግፋ መጣች፣ ድስቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ያ ኢንተላ፣ ሎሚውስ?»

ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለእሷ እስከዛሬ ልጅት ነኝ። ስኳሩ እንዳይጠጥር የሚያደርገውን ሎሚ የት አውቄው? ሥራዬ መቅመስ እንጂ መሥራት መቼ ነበር? ሎሚ ጨምቀን እንደገና ጣድን። ፈላ። ተያየን። እኔ ስኳር አለብኝ፣ እሷ ጾመኛ ናት። ተደማምረን የአንድ ሰው ጥርስ የማይሞላን ሁለት አሮጊቶች፣ አንዲት ማንኪያ ይዘን ቆመን ቀረን። ሌላ ምን እናድርግ፣ በቤቱ የቀረችውን ምላስ ጠራናት።

ሶልያና እፍ እፍ ብላ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። «ገና ነው» አለች። ሎሚ ደገምንበት። «ገና ነው።» እሳቱን ቀነስን። «ገና ነው።» አራተኛው ማንኪያ ላይ ነቃሁ፤ ይህቺን ብልሃት የት ነው የማውቃት? ዞር ብዬ ባይ፣ እትዬ ሙሚና አፏን በሻሿ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። ከማንኪያው ጫፍ አንድ ጠብታ በሁለት ጣቷ ይዛ ስትከፍታቸው፣ በመሃላቸው ቀጭን ክር ተዘረጋ።

«ክር ከሠራ ደርሷል፤ ዋላሂ ከመጀመሪያው ማንኪያ በፊት ነው የደረሰው» አለች።

ታዲያ ያኔስ? በጣትሽ ካወቅሽ እኔን ለምን ነበር የምትጠሪኝ? አልኳት።

ጣቷን በሻሿ ጠረገች። «አባትሽ እስኪመጣ ቀኑ ይረዝም ነበራ» አለች። ይህን ሁሉ ዘመን ባለሙያ ነበርኩ ስል፣ ለካስ ስጎርስ ነበር።

ፓንኬኩን ጠበስኩ። በሁዳዴ እንቁላል የሰበርኩት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው፤ እግዜር ቅርፊቱን ብቻ አይቶ ይለፈኝ። ሶልያና ሦስት በላች፣ ሐሙስም ሦስት በላች፣ ስለ መሄድ ያነሳ ሰው አልነበረም። ሳምንቱ ሞልቶ እናቷ ስትመጣ፣ የእማማ ሽሮፕ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀቻት። ሶልያና ዓይኗን ጨፈነች።

«ገና ነው፤ ክረምት መጥቼ መቅመስ አለብኝ።»

ልጄ በሐዘኔታ አየችኝ። መኪና ውስጥ ከመግባቷ በፊት ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ አይዞሽ እማዬ፣ ለክረምቱ የታሸገውን ይዤላት እመጣለሁ አለችኝ። እሺ አልኳት። የቦርደዴን ፀሐይ አምኜ ነው።