ነፍሰ ጡሩ አያ ይበልጣል

በዚህ ዓለም ላይ ምን ሊሆን እንደማይችል አስረግጦ የሚነግራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ሕፃን ነው ወይ እንደ እኔ ሶፍትዌር የሚሠራ ነው። ገበሬ እንኳ እንዲህ አይደፍርም። «ዘንድሮ ዝናቡ አይቀርም» ብትሉት ቀና ብሎ ሰማዩን ያይና «እሱ ያውቃል» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ወንበራችን ላይ ተደላድለን ይህ ይሆናል፣ ያ አይሆንም እያልን ሕግ እንጽፋለን፤ ኮምፒውተሩም ሳያጉረመርም ይፈጽመዋል። የማያጉረመርም ታዛዥ ደግሞ አለቃውን ያባልጋል።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ሥራዬ ለጤና ጣቢያዎች የታካሚ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ማዘጋጀት ነው። ይህን ለአከራዬ ላስረዳ ያልሞከርኩበት ጊዜ የለም። እሳቸው እስከ ዛሬ ስልካቸው በተዘጋ ቁጥር እኔን ይጠራሉ፤ የጤና ሥራ ነው ስላልኳቸው ደግሞ አንዳንዴ የወገባቸውን ሕመም ይጨምሩበታል።

ባለፈው የካቲት የላክነው ሪፖርት ተመለሰብን። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ነፍሰ ጡር ወንዶች ተመዝግበዋል። አንደኛው አያ ይበልጣል ይባላሉ፤ ገበሬ፣ ዕድሜ ስልሳ አራት፣ የሰባት ወር እርጉዝ። የፅንሱ የልብ ምት ደኅና ነው ይላል። ቢሮው ሙሉ ቀን ሲስቅ ዋለ። እኔም እየሳቅሁ አንዲት አጭር ሕግ ጻፍኩ፤ ታካሚው ወንድ ከሆነ የእርግዝና ክትትሉ ይሰረዝ። በሁለተኛው ቀን ሪፖርቱ እንደ ተነፋ ዱቄት ጠርቶ ወጣ፤ ተመሰገንኩ። ኮራሁ፣ ምን ይደበቃል። እነዚህን ሰዎች ማን ጻፋቸው፣ ለምን ጻፋቸው ብሎ ለመጠየቅ አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። አልደወልኩም።

ሚያዝያ ላይ ሠራተኞቹን ላሠለጥን ከቡሬ በባጃጅ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ክፍሉን የያዙት ጋሼ ምንይችል በአንድ ጣታቸው የሚጽፉ፣ ዕድሜያቸውን ከመዝገብ ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው። ለጉዳይ ወጣ ሲሉ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው አራት ሰዎች በቃሬዛ አንዲት ሴት ይዘው ገቡ፤ ሴትዮዋን ወደ ማዋለጃው ሲያስገቧት፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ አንድ አዛውንት በመስኮቱ የጤና መድን ደብተር አቀበሉኝ። ገለጥኩት። አያ ይበልጣል።

ነፍሰ ጡሩን ሰውዬ በዓይኔ አየኋቸው።

«ታማሚው እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ።

«ኧረ ተወኝ ልጄ። ደብተሩ የኔ ነው፣ ምጡ የሷ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናንዬ የጎረቤታቸው ሚስት ናት፤ እነሱ ዘንድሮ የጤና መድን አልተመዘገቡም። አያ ይበልጣል ሳይለመኑ የራሳቸውን ደብተር ሰጧት። በሬ የሚዋዋስ፣ ሞፈር የሚዋዋስ ሰው፣ ደብተር ይነፍጋል ብላችሁ ነው? ጋሼ ምንይችል ደግሞ ከቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ ስሟን ሲያጡ ክትትሏን በአባወራው ቁጥር አስገቡላት። አምስቱም «ወንዶች» እንዲህ የመጡ ናቸው።

«ክትትሏ ምን ይላል?» አለችኝ አዋላጇ ሲስተር ብርቱካን ከማዋለጃው በር ላይ። ወደዚህ ከተዛወረች አንድ ወሯ ነው፤ እናንዬን አታውቃትም።

ስክሪኑን አየሁት። ባዶ ነው። ለምን ባዶ እንደሆነ በዚያ ግቢ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ምንም የለም» አልኳት። ነበር፣ እኔ አጠፋሁት ለማለት ምላሴ አልታዘዘኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

«እንግዲያው አዲስ ናት፤ ልመርምራት» ብላ ጓንቷን ማጥለቅ ጀመረች።

ጋሼ ምንይችል የተመለሱት በዚህ መሃል ነው። አያ ይበልጣልን ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁ መሳቢያቸውን ከፈቱና ጥጉ የተበላ የተማሪ ደብተር አወጡ። «ሲስተር፣ ቆይ!» አሉና አነበቡ። «እናንዬ፣ በአያ ይበልጣል ደብተር። እንግዴ ልጁ የማሕፀኗ መውጫ ላይ ነው። በጣት እንዳትመረመር። ምጥ እንደጀመራት ሆስፒታል።»

የሲስተር ብርቱካን እጅ አየር ላይ ቀረ። ነክታት ቢሆን ደሟ ይፈስ ነበር፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ የሚሰጥ ደም የለውም።

«ማን ነገረዎት?»

«የቀድሞዋ አዋላጅ ስትዛወር አደራ ብላኝ ነው። ኮምፒውተሩም ላይ ጽፋዋለች። እሱ ግን ሁለት ስም አይቀበልም፤ እኔ እቀበላለሁ።»

«ታዲያ ከኮምፒውተሩ ማን አጠፋው?»

«እኔ» አልኩ።

ማንም አልተቆጣኝም፤ ጊዜም አልነበራቸውም። አያ ይበልጣል ብቻ ጠጋ ብለው፣ «በደብተሩ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ልጄ፤ እሷን ምንም እንዳታደርጉብኝ» አሉኝ። እኔ ይቅርታ ልለምን ስል ሽማግሌው ቀደሙኝ።

አምቡላንሱ ወደ ፍኖተ ሰላም ይዟት ሄደ። እኔ እዚያው ሆኜ ከድሮው ቅጂ የሰረዝኩትን ሁሉ መለስኩና፣ ከጋሼ ምንይችል ደብተር ጋር እያመሳከርን የቀሩትን አራት «ወንዶች» በስልክ ፍለጋ ገባን። አንዷ ወልዳለች፤ ሦስቱ ደኅና ናቸው። የመጨረሻዋ ስልኳን እስክታነሳ ድረስ የተሰማኝን ለጠላቴ አልመኝም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ልለቅመው የማልችለውን ነበር የማፈሰው።

እናንዬ በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሕጌን አጠፋኋት፤ ሲስተሙ አሁን የማይሆን ነገር ሲያይ አይሰርዝም፣ ይጠይቃል። በወሩ ግን ከቢሮ ተደወለልኝ። «እኒያ ሰውዬ ተመልሰው መጡ እኮ! ይባስ ብለው ወልደዋል። ወንድ በምን ይወልዳል?»

«በደብተር» አልኩ።

ልጁን በአርባኛው ቀን ክርስትና ያነሱት አያ ይበልጣል ናቸው። በቤተ ክርስቲያን የክርስትና አባት፣ በእኔ ሲስተም ወላጅ እናት። አንዱንም አልነካሁም።