አሥራ ሁለት ሽሪምፖችና አባቴ

አብሮ መኖር ቀላል ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ላጤ ነው፣ ወይ የቤቱ ሰዎች ስለ እሱ የሚሉትን ገና አልሰማም። በእኛ አገር ለጋብቻ ሲሆን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ የልጅቱ አያት ከማን ጋር በድንበር እንደተካሰሱ ሳይቀር ይጠየቃል። ያ ሁሉ ተጣርቶ ሲያበቃ ሙሽሮቹ የሚጣሉት በመስኮት ነው። አንዱ ይከፈት ይላል፣ ሌላው ይዘጋ ይላል። የከተማችንን የመሐል ሜዳን ብርድ የሚያውቅ ሰው የመስኮት ጠብ ቀላል እንዳልሆነ ይገባዋል። ስለ መስኮት የጠየቀ ሽማግሌ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሕያዋን እንዴት ተቻችለው እንደሚኖሩ ለልጆች ሳስተምር ጸጉሬ ሸብቷል። ስለዚህ ወደ ደብረ ብርሃን የተዛወረ ባልደረባዬ ዓሣ ማርቢያ የመስታወት ገንዳውን ትቶልኝ ሲሄድ፣ ከእኔ የተሻለ ወራሽ አይገኝም ብዬ ተቀበልኩ። አሸዋ ደለደልኩበት፤ የውሃ ሣር ተከልኩበት፤ ነዋሪዎቹን ግን ዝም ብዬ አላስገባሁም። ደብተር ገዝቼ ለእያንዳንዱ አመልካች ሦስት ጥያቄ አዘጋጀሁ። ብርድ ይችላል ወይ? ሣር ይነቅላል ወይ? አፉ ምን ያህል ይከፈታል?

ዋናው ሦስተኛው ነው። ዓሣ ክፋት የለውም፤ አፍ ነው ያለው። አፉ ውስጥ የሚገባ ነገር ካየ ጎረቤቴ ነው ብሎ አይምርም። ወርቃማው ዓሣ መልኩ ያማረ፣ ብርድም የሚችል ነው፤ ነገር ግን ሣር ይነቅላል፣ ትንንሹንም ይውጣል፤ ተሰረዘ። ክንፉን እንደ ካባ የሚጎትት ሌላም ነበር። እሱ ደግሞ የወንድሙን ፊት ማየት አይወድም፤ ውሃው ካልሞቀለትም አይሰነብትም። እኛ ዘንድ መብራት በጠፋ ቁጥር ለእሱ ተስካር ሳወጣ ልኖር ነው። እሱም ተሰረዘ።

በመጨረሻ ያለፉት ብርድ የሚችሉ አሥር ባለመስመር ትንንሽ ዓሦች፣ አሥራ ሁለት ቀያይ ሽሪምፖችና አራት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሽሪምፕ ማለት በጣት ጥፍር ልክ የሆነ፣ ብዙ እግር ያለው፣ ሲለቅም የሚውል ፍጥረት ነው። ቀንድ አውጣው ማንንም አይነካም፣ ማንም አይነካውም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን በሰላም ጡረታ ይወጣ ነበር። ሁሉንም ከአዲስ አበባ በፌስታል ቋጥሬ ጉልበቴ ላይ ይዤ መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፌስታሉን ትክ ብለው አይተው፣ «ለጾም ነው? አላነሱም?» አሉኝ።

ገንዳውን ሳሎን አስቀመጥኩት፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ የገባ ሁሉ እንዲያየው። ሣሩ አደገና ዓሦቹን መጋረድ ሲጀምር በመቀስ አጨድኩት። እንግዳ የመጣው ሣር ሊያይ አይደለምና።

አባቴን ያመጣኋቸውም በዚያው ወር ነው። ጓሳ ከሚባለው የሣር ምድር አፋፍ ላይ ባለው መንደራችን እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ባለፈው ክረምት ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ዳሌያቸውን ተመቱ፤ በግ ፍለጋ የወጣ ጎረቤት ባያገኛቸው ዛሬ የምነግራችሁ ሌላ ነገር በሆነ። እንግዲህ አባት ሲመጣ የት ይቀመጣል? መቼም ጓዳ አይባልም። ሳሎን፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከገንዳው ትይዩ፣ የቤቱን ትልቁን አልጋ ዘረጋሁላቸው። አዲስ ብርድ ልብስ አለበስኩ። የገባ ሁሉ ጉልበታቸውን ይስማል፣ እንዴት አደሩ ይላል፤ እሳቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። ልጆቼ እግራቸው ሥር የቤት ሥራ ይሠራሉ፤ ቴሌቪዥኑ ራስጌያቸው ነው። አገሩ ሁሉ መረቀኝ። እኔም፣ አልደብቃችሁም፣ ምርቃቱ ሳይጣፍጠኝ አልቀረም።

አባቴ ግን በሁለት ወር ውስጥ ከሰው ወደ ዕቃ ተለወጡ። መናገር ተዉ። ባለቤቴ የሺ የገዛችላቸው ሁለት ሸሚዝ እንደታጠፈ ትራሳቸው ሥር ተቀመጠ፤ የመጡበትን ሸሚዝ አላወልቅ አሉ። የሺ «አባባ፣ ልጠብልዎት» ስትላቸው «ተይው ልጄ፣ አልቆሸሸም» ይላሉ። አርጅተዋል፣ ዘነጉ አልን። ከዚያ በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ፋሲካን እዚሁ እውልና በማግሥቱ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» አሉኝ። ለመንኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ ያለቀ ነገር ነው። ያ ደጃፍ በዓይኔ መጣ፤ በሚቀጥለው ሲወድቁ በግ የጠፋበት ጎረቤት ላይኖር ይችላል። ፈራሁ።

ሽሪምፖቹም ማለቅ የጀመሩት በዚያ ሰሞን ነው። አሥራ ሁለት የነበሩት ሰባት ሆኑ። ወንጀለኛውን ልያዝ ብዬ ሣሩን ይበልጥ አጨድኩት፤ አምስት ቀሩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ገንዳው ሥር ተንበርክኬ ስቆጥር፣ አባቴ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ተናገሩ።

«ምን ጠፋብህ?»

«እነዚህ ቀያዮቹ እያለቁብኝ ነው፣ አባባ። ሁሉንም አጣርቼ ነበር ያስገባሁት። እነዚያ ዓሦች ጉልበተኛ አይደሉም።»

«ጤነኛውን ነው የሚበሉት?»

«እንጃ። ይሄ ሽሪምፕ የሚያድገው ቅርፊቱን እያወለቀ ነው። አውልቆ ሌላው እስኪጠነክርለት አንድ ሁለት ቀን ገላው ለስላሳ ነው። ያን ጊዜ ይመስለኛል የሚነጩት።»

አባቴ ከትራሳቸው ቀና ብለው ገንዳውን አዩት።

«ታዲያ የት ሄዶ ያውልቅ?» አሉ። «ዙሪያው መስታወት ነው። ሣሩን አንተ ታጭደዋለህ። ሁሉ እያየው እንዴት አድርጎ ልብሱን ይቀይራል?»

ይህን ብለው የሸሚዛቸውን ኮሌታ ወደ አንገታቸው ሰብሰብ አደረጉት።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔ ያወጣሁት ሸሚዝ ነው። ሰማንያ ዓመት በገዛ ቤታቸው የኖሩ ሰው፣ በሩ ለሁሉ ክፍት በሆነ ሳሎን፣ በልጅ ልጆቻቸውና በምራታቸው ፊት፣ ሳያንኳኳ በሚገባ ጠያቂ መካከል፣ ሁለት ወር ሙሉ ሸሚዝ የሚያወልቁበት ጥግ አጥተው ኖረዋል። ለሽሪምፕ ደብተር የገዛሁ መምህር ለአባቴ አንዲት ጥያቄ አላዘጋጀሁም። አፈርኩ። ያፈርኩት እንዳይታይብኝ ወደ ገንዳው ዞሬ፣ «ምን ይሻላል ታዲያ?» አልኩ።

«ዝጋው።»

«ምኑን?»

«ሣሩን ነዋ። እኛ ጓሳን ለዓመታት አይታጨድም ብለን ስንዘጋ ሣሩ የሚያድገው ለቤት ክዳን ብቻ መሰለህ? አይጡም፣ ጥንቸሉም፣ ቀበሮውም እዚያው ነው የሚያድር። አጭደህ ከጨረስከው ሜዳ ላይ ማን ይቀመጥልሃል?» በጉልምስናቸው ሣር ጠባቂ ሆነው ተመርጠው ነበርና፣ ስለ ሣር ሲናገሩ ድምፃቸው ይመለሳል።

መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ከዚያ ከጓሮ ያለውን ዕቃ ቤት መጥረግ ጀመርኩ። የሺ የሽንኩርቱን ጆንያ ሳወጣ አይታ፣ «አባባን? እዚህ? ሰው ምን ይለናል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ጠባብ ናት፣ መስኮቷም የእንጀራ ያህል ነው። አባቴ ግን በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ መጡ፤ ግድግዳውን አዩ፤ በሩን ገፋ መለስ አደረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ከውስጥ ይቀረቀራል?»

በዚያው ቀን አናጺ ጠርቼ መቀርቀሪያ አስገባሁ። በማግሥቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ አባቴ አዲሱን ሸሚዝ ለብሰው፣ የእጥፋቱ መስመር እንኳ ሳይለቅ፣ ወደ ሳሎን መጥተው ከልጆቹ ጋር ቁርስ ቀረቡ። የገብሱን ዋጋም ጠየቁኝ። የሺ ምጣዱን አያለሁ ብላ ወጥታ አለቀሰች። እኔ ሰበብ ስላላገኘሁ እዚያው አለቀስኩ።

ፋሲካ አለፈ። ማግሥቱም አለፈ። ስለ መሄድ ያነሳ የለም። በገንዳው ውስጥ ሣሩ ሜዳውን ሞልቶ ሽሪምፖቹን መቁጠር አልተቻለም፤ አንድ ቀን ግን ቅጠል ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ወልደዋል።

ከተማው ግን ሌላ ወሬ ወልዶ ነበር። መምህሩ አባቱን ከሽንኩርት ጋር ዕቃ ቤት ከተተ ተባለ። መራቂዎቼ ሁሉ ምርቃታቸውን መለሱ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት የእድራችን ሽማግሌዎች ሊወቅሱኝ መጡ፤ የፊተኛው ጋሽ ዘውገ ነበሩ። ጋሽ ዘውገ ራሳቸው ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ሳሎኑን ለቆላቸው፣ የክብር አልጋ ዘርግቶላቸው፣ አባት እንዲህ ነው የሚጦር እየተባለ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

ከገንዳው ትይዩ ተቀመጡ።

«ዓሣ አለው ሲሉ ሰምተን ነበር» አሉ ጋሽ ዘውገ። «ይሄ ሣር ነው።»

«አሉ ጋሼ። ውስጥ ናቸው።»

«አባትህስ?»

«እሳቸውም አሉ። ውስጥ ናቸው።»

በዚህ መካከል ከጓሮ በኩል መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ። አባቴ ሽማግሌ መምጣቱን ሰምተዋል ማለት ነው። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ተያዩ፤ ከዚያ ተራ በተራ ወቀሱኝ። አባት የቤት ዓምድ ነው፣ ዓምድ ደግሞ መሐል ነው የሚቆም አሉ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ጋሽ ዘውገ ግን ከመቀርቀሪያው ድምፅ ወዲህ ገንዳውን ብቻ ያያሉ።

ሲሸኙ ሁለቱ ቀድመው ወጡ። ጋሽ ዘውገ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወደ ኋላ ቀሩ። በዚያ የቀትር ፀሐይ የጋቢያቸውን ጫፍ አንገታቸው ድረስ አጥብቀው ይዘውት ነበር።

«መምህር» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያን መቀርቀሪያ የሠራልህ አናጺ ቤቱ የት ነው?»