የሚታጠፍ ጎማ በቡሹሎ መንገድ

ከባድ ዕቃ የማይወድ ሰው ካለ አሳዩኝ። ብርድ ልብስ ስንገዛ በክንዳችን መዝነን፣ ድስት ስንገዛ አንኳኩተን፣ ጫማ ስንገዛ ሶሉን አጥፈን ነው፤ አልታጠፍም ካለን "ዕቃ ማለት ይሄ ነው!" እንላለን። ማን እንዳስተማረን እንጃ። ደርግ ነው እንዳልል፣ ከደርግ በፊትም እንዲሁ ነበርን። ደርግ የጨመረልን ቢኖር ስብሰባውን ነው። በዚያ ዘመን ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እጁን አውጥቶ "እስቲ ነገሩን በሌላ በኩል ደግሞ እንየው" ያለ ሰው፣ ማታ ሚስቱ "ታስሮ ይሆን?" እያለች በር ላይ ቆማ ነበር የምትጠብቀው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እንግዲህ የሚታጠፍ ጎማ ቤቴ የገባው።

ሐዋሳን፣ ያኔ አዋሳ የምንላትን፣ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሜዳ ናት፣ የሳይክል አገር። የባለቤቴ የአስቴር ሳይክል ግን ከሌላው ይለይ ነበር። ጎረቤታችን የነበረ አንድ የእርሻ አማካሪ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላት የሄደው፣ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፣ ተራራ ለመውጣት የተሠራ ሳይክል ነው። "ተራራው የታለ?" ብላችሁ እንዳትስቁ። ወደ ቡሹሎ የሚወስደው መንገድ በክረምት ከተራራ ይብሳል፤ እሷ ደግሞ ከቡሹሎ አለፍ ብላ በምትገኝ ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበረች። ጠዋት ሕፃን ልጃችንን አጥብታ፣ ምሥራቅ ሰፈር እናቴ ዘንድ አድርሳ፣ ከዚያ መብረር ነው።

የኋላው ጎማ ሲያልቅ በረራው ቀረና ጉዞው በእግር ሆነ። በእግር ሲሆን መዘግየት መጣ። የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ሰዓቱን በየደቂቃው የሚያይ ሰው፣ አንድ ቀን ጠራትና "ሰኞ ከሁለት ሰዓት ካሳለፍሽ ጠረፍ ትዛወሪያለሽ" አላት። የሚጠባ ልጅ ታቅፎ ጠረፍ! ያኔ ዝውውር ይግባኝ አልነበረውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ከእኔ ይልቅ የፈሩት ግን አባቷ ጋሽ ማቴዎስ ናቸው።

ጋሽ ማቴዎስ መናኸሪያ አጠገብ የሳይክል ዕቃ መደብር ነበራቸው። በማግሥቱ አንድ ጎማ በትከሻቸው አጥልቀው ከች አሉ። ጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን ሽቦ የተቀበረበት፣ ቢጥሉት የሚነጥር፣ ከባድ ጎማ ነው። አስቴር ደግሞ ፈረንጁ ከሳይክሉ ጋር የተወውን ከረጢት ስታራግፍ፣ እንደ መቀነት የተጠቀለለ ጥቁር ነገር ወጣ። ፈታችው። ጎማ ነው።

አማቴ ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱት።

"ሽቦ የለውም እኮ! አጥንት የሌለው ጎማ ነፋስ ሲገባበት ከቸርኬው ወጥቶ ይሄዳል። ልጄን ሜዳ ላይ ሊጥል ነው?"

እኔም በሙሉ ድምፅ ደገፍኳቸው። ሆኖም ለታጣፊው ጎማ አዘንኩለት፤ ተጣጥፎ ብዙ ስለቆየ ጠማማ ሆኖ ነው ብዬ አሰብኩ። ለጠማማ ነገር ደግሞ የዘመኑ ወጣት ሁሉ መድኃኒት ያውቅ ነበር፦ ሱሪያችንን የምንተኩሰው ከፍራሽ ሥር አንጥፈን ተኝተንበት አይደል? ጎማውንም እንዲሁ ከፍራሹ ሥር ዘረጋሁትና ተኛሁበት። ጠዋት ጎማው እንደነበረ ነው። የተጣመመው የእኔ ወገብ ነበር።

አስቴር እየሳቀች አወጣችውና መልሳ ጠቀለለችው። ከዚያ ጋሽ ማቴዎስን እንዲህ አለቻቸው፦

"አባባ፣ የእርስዎ ጎማ ይሽከርከር፤ ይሄኛው ወገቤ ላይ ይሂድ። መንገድ ላይ አንዱ ቢቀደድ ሌላ መያዝ አለብኝ። የእርስዎን ልጠቅልለው ብል እሺ ይለኛል?"

አማቴ ጎማቸውን ለማጠፍ ሞከሩ። ጎማው አልታጠፈም፤ እሳቸውም መፍቻቸውን አንስተው ሳይክሉ ላይ ገጠሙት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ቢያንስ ግማሹን ለቀቅን።

ሰኞ ጎማውን በመቀነት ወገቧ ላይ አሥራ፣ ፖምፓ፣ ማለትም የጎማ መንፊያ፣ እና ለውስጡ ትርፍ ከመነዳሪ ይዛ ሄደች። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ጋሽ ማቴዎስ "ሥራዬን ማየት አለብኝ" ስላሉ ጋሪ ተከራይተን ተከተልናት። ተከተልናት ማለት ለአፍ ያህል ነው፤ ፈረሱ ጭቃ ባየ ቁጥር ቆሞ ያስብ ነበር።

ቡሹሎን አለፍ እንዳልን ከአንድ ግራር ቅርንጫፍ ላይ አንድ ጎማ ተንጠልጥሎ አየን። የጋሽ ማቴዎስ ጎማ ነው። ባልጩት፣ ያ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ የአገሩ ጥቁር ድንጋይ፣ ጎኑን ሰንጥቆታል። አስቴር የለችም፤ ሳይክሉም የለም።

"ልጄ!" ብለው አማቴ ከጋሪው ዘለሉ። ቦዩን አዩ፣ ቁጥቋጦውን ገለጡ። እኔ ከጋሪው ወርጄ ስሟን ተጣራሁ። በልቤ ጠረፍን ረስቼ እሷን ብቻ አትርፍልኝ እያልኩ እለምን ነበር። ድንገት ጋሽ ማቴዎስ ጭቃው ላይ በርከክ አሉና በጣታቸው የጎማውን ዱካ ተከተሉ።

"ይሄ የእኔ ጥርስ አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "የታጣፊው ነው። ወደፊት ሄዷል!"

ከዚያ ወዲያ ፈረሱን የገፋነው እኛ ነን ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ደረስን፤ ክሊኒኩ ደጃፍ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈዋል። ከሰልፉ ጫፍ አስቴር ነጭ ጋወኗን ለብሳ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ እንደሆነች፣ አንድ የሚያለቅስ ሕፃን ትከትባለች። ግድግዳው ላይ ሳይክሏ ተደግፏል፤ አጥንት የሌለው ጎማ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

"ሃሌሉያ!" ብለው ጋሽ ማቴዎስ ጮኹ። ጸሎት ቤቶች በተዘጉበት በዚያ ዘመን ይህን ቃል ጮክ ብለው ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ግራ ቀኝ ተገላመጡ። እናቶቹ ፈገግ አሉላቸው። ደገሙት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ግማሹን መንገድ ያደረሳት ግን የእኔው ነው" አሉኝ። ማን ይከራከራል? በእንዲህ ያለ ጠዋት ድል ለሁሉም ይዳረሳል።

ኃላፊውስ? ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ጎማው የተነፈሰበትን ሞተር ሳይክል እየገፋ፣ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ሰልፉን አየ፣ አስቴርን አየ፣ ሰዓቱን ሊያይ ክንዱን አነሳና መልሶ እጅጌው ውስጥ ደበቀው። አስቴር ከሥራዋ ቀና አለች።

"እንደምን አደሩ? ፖምፓ ላውስዎት?"

ተዋሰ።