የኑሬ በግ የትኛው ነው?

[ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ አዳማ። ነገ የሊዲ ሠርግ ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳኑ ቆሟል። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ሁለት ነጫጭ በጎች ታስረዋል፤ እናታቸውም ብትመጣ አትለያቸውም። የሙሽራይቱ አባት ልዑልሰገድ ይዞራቸዋል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ገሠሠ የታኘከ የአረንጓዴ ክር ቁራጭ ይዞ ቆሟል። ልዑልሰገድ እንደ ልቡ መጮህ አማረው፤ ግን ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቱ የኑሬ ቤት ነው። ስለዚህ በሹክሹክታ ይቆጣል፤ የአንገቱ ሥር ግን ተገትሯል።]

ልዑልሰገድ፦ ክሩ የነበረው የትኛው አንገት ላይ ነው?

ገሠሠ፦ የበጉ አንገት ላይ።

ልዑልሰገድ፦ የትኛው በግ?

ገሠሠ፦ [ያስባል] ራሱ አንገት ላይ ያለውን ክር መብላት አይችልም። ስለዚህ የበላው ሌላኛው ነው።

ልዑልሰገድ፦ ጎበዝ። የበላው የትኛው ነው?

ገሠሠ፦ አሁን ሁለቱም ያመነዥጋሉ።

ልዑልሰገድ፦ አረንጓዴ ክር ያለው ለሙስሊም እንግዶቻችን ነው፣ ኑሬ መጥቶ ያርደዋል፤ ክር የሌለው የኛ ነው ብዬህ አልነበር?

ገሠሠ፦ ብለውኛል። አሁን ሁለቱም ክር የላቸውም። ሁለቱም የኛ ሆኑ ማለት ነው?

ልዑልሰገድ፦ አንተ ሰውዬ፣ እኔ የሰፈሩ የሃይማኖቶች መከባበር ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ሶደሬ ድረስ ሄጄ የሰለጠንኩ ሰው ነኝ።

ገሠሠ፦ እህቴ ፍል ውሃ ሊገባ ነው የሄደው ብላኝ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ከስልጠናው በኋላ ነው የገባሁት። አሰልጣኙ ምን አለ? የሌላውን እምነት ለማክበር ከሥር ከመሠረቱ ተጠንቀቁ አለ። ከሥር ከመሠረቱ ማለት ደግሞ ከገበያው ጀምሮ ነው። ለየብቻ ገዛሁ፣ ለየብቻ ሣር አቀረብኩ፣ ለየብቻ ባልዲ።

ገሠሠ፦ ባልዲው እንኳን...

ልዑልሰገድ፦ ባልዲው ምን ሆነ?

ገሠሠ፦ አንዱን ድንኳን ተካዮቹ እግራቸውን ታጠቡበት። በጎቹ ከአንዱ ጠጡ። ግን ተራ ጠብቀው ነው፤ በጣም ተከባብረው ነው የጠጡት።

[ልዑልሰገድ ራሱን ይይዛል። ኑሬ የዙሁር ሶላቱን ጨርሶ እመጣለሁ ብሏል፤ ጊዜ የለም።]

ልዑልሰገድ፦ በጠባያቸው እንለያቸዋለን። እየው፣ ይሄኛው ሣሩን አልነካም። ጾመኛ ነው። የኛው ነው።

ገሠሠ፦ ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ? የምን ጾም ነው?

ልዑልሰገድ፦ ምናልባት የራሱ ስለት ይኖርበታል።

ገሠሠ፦ ደግሞስ ጋሼ፣ ሣር የጾም ምግብ አይደለም? በግ ሥጋ አይበላ፣ ቅቤ አይበላ። ዕድሜ ልኩን እንደጾመ ነው።

ልዑልሰገድ፦ ወተት ጠብቷል።

ገሠሠ፦ ያኔማ ሕፃን ነበር። ሕፃን በጾም አይያዝም።

[ከመስጊዱ የቀትሩ አዛን ይሰማል። ሣር ያልበላው በግ ጆሮውን ያቆማል። ልዑልሰገድ የገሠሠን ክንድ ጨምድዶ ይይዛል።]

ልዑልሰገድ፦ አየህልኝ? ተገኘ። ይሄ ነው የኑሬ። በል ለብቻው እሰርልኝ።

ገሠሠ፦ ቅድም እኮ የኛ ጾመኛ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ተሳስተን ነው። ፍታው።

[ገሠሠ ገመዱን እየፈታ ሳለ፣ ከላይ በኩል ካለው ቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል። ያው በግ ጆሮውን ያቆማል። ገሠሠ ገመዱን መልሶ ያስራል።]

ልዑልሰገድ፦ ቆይ፣ ቆይ። እንዳትነካው።

[ከጀርባ ካለው የፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት የመዘምራኑ የቅዳሜ ልምምድ ይጀምራል፤ ኪቦርዱ ይንጫረራል። በጉ አሁንም ጆሮውን ያቆማል። በመንገዱ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል። ለእሱም ያቆማል።]

ልዑልሰገድ፦ ይሄ በግ ምንድን ነው?

ገሠሠ፦ የአዳማ ልጅ ነዋ። ሁሉንም እየሰማ ነው ያደገው።

[ልዑልሰገድ መሳቅ ነበረበት፤ አልሳቀም። ተገልብጦ የተቀመጠ ሳጥን ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።]

ገሠሠ፦ ምን እንዲህ ያስጨንቅዎታል? ጠፋብን ብለው ለጋሽ ኑሬ አይነግሯቸውም?

ልዑልሰገድ፦ ሁለተኛ ላስቀይመው? አምና ልጄ ንዋይ የተመረቀ ጊዜ፣ ሥጋ ነገር ያመጣል፣ ዓሣ ግን የዚህ እጅ የዚያ እጅ ሳይባል ለሁላችን ይሆናል ብዬ ከቆቃ አስመጣሁ። ኑሬ መጣ፣ ሳህኑ ቀረበለት። ትንሽ ቆይቶ «ይባረክ» ብሎ ተነሣና ሄደ። እጁን እንኳን አልታጠበም፤ ሳይበላ ምኑን ይታጠባል? ዓሣው የተጠበሰበት መጥበሻ ሥጋ የነካው ነው፣ እሱም አይቷል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ገሠሠ፦ [አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል] ጋሼ...

ልዑልሰገድ፦ ምን?

ገሠሠ፦ ምንም።

ልዑልሰገድ፦ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ሲመጣ ሳየው መንገድ አቋርጣለሁ። ልጄ ወባ ጥሎት ሲንቀጠቀጥ፣ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰልኝን ሰውዬ። ነገ ሊዲን ስድር እሱ አጠገቤ ካልቆመ ምኑን ዳርኳት? ናፍቆኛል፣ ገሠሠ። ከቆርቆሮ ማዶ ያለ ሰው እንዲህ ይናፍቃል?

[ገሠሠ ክሩን በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። በሩ ይንኳኳል። ኑሬ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ፣ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይገባል።]

ኑሬ፦ ልዑሌ፣ አካም ኦልቴ? እንኳን ለዚህ አበቃህ። በል፣ የትኛው ነው የኔ?

[ልዑልሰገድ ይነሣል። ለዚህች ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘጋጅ ነው የከረመው።]

ልዑልሰገድ፦ ኑሬ፣ ይቅር በለኝ። ክር አስሬልህ ነበር። ተበላ። ተቀላቀሉብኝ።

ኑሬ፦ ምን ተቀላቀለ?

ልዑልሰገድ፦ ያንተ በግና የኛ በግ።

ኑሬ፦ [በጎቹን ያያል፣ ልዑልሰገድን ያያል] ሰውዬ፣ በቁሙ ያለ በግ ምን ሃይማኖት አለው? እኔ የማርደውን ቢስሚላህ ብዬ አርደዋለሁ። አንተ ያንተን በስመ አብ ብለህ ታርዳለህ። እስከዚያ ድረስ በግ ነው።

ልዑልሰገድ፦ እሱንማ አውቃለሁ።

ኑሬ፦ ታዲያ?

ልዑልሰገድ፦ ፈርቼ ነዋ። አምና በዚያ መጥበሻ አስቀይሜህ...

ኑሬ፦ የምን መጥበሻ? ያስቀየምኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ? የልጅህን ድግስ ሳልቀምስ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስታየኝ መንገድ ታቋርጣለህ። በቃ፣ ልዑሌ ተቀይሞኛል ብዬ ለባለቤቴ ስንቴ እንደነገርኳት።

ልዑልሰገድ፦ እና ለምን አልበላህም?

ኑሬ፦ ሐሙስ ነበራ። እኔ ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ።

[ልዑልሰገድ ቀናቱን በጣቱ ይቆጥራል።]

ልዑልሰገድ፦ እኔ እኮ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው ብዬ ነው ድግሱን ሐሙስ ያደረግኩት።

ኑሬ፦ ለራስህ ጥሩ ቀን መርጠሃል።

ልዑልሰገድ፦ ጾም ላይ ነኝ አትለኝም ነበር?

ኑሬ፦ ጾም ይወራል እንዴ? በእናንተስ ይወራል?

ልዑልሰገድ፦ አይወራም። ስልጠናው ላይ ስለ ሐሙስ ምንም አልነገሩንም።

ኑሬ፦ ሶደሬ ድረስ ከምትለፋ አጥሩን አታንኳኳም ነበር? ለነገሩ አንድ ሰው ያውቃል፤ እንዳይናገር አደራ ብዬው ነው።

[ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ገሠሠ ይዞራሉ። ገሠሠ በጉን ያያል።]

ልዑልሰገድ፦ አንተ? ዓመት ሙሉ እኔ እዚህ ስቃጠል ዝም አልከኝ?

ገሠሠ፦ አትናገር አሉኝ፤ አልተናገርኩም። እርስዎም አልጠየቁኝም። ክሩን ነው የጠየቁኝ።

ልዑልሰገድ፦ ዓሣውስ?

ገሠሠ፦ ጋሽ ኑሬ ከጠረጴዛው ሥር አሳለፉልኝና በላሁት። እግዜር ይስጣቸው፣ ጥሩ ዓሣ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ብቻህን ጨረስከው?

ገሠሠ፦ ኧረ፣ ጭንቅላቱን ለድመቷ ሰጠኋት።

ልዑልሰገድ፦ ለየትኛዋ ድመት?

ገሠሠ፦ ለጋሽ ኑሬ ድመት። በአጥሩ ሥር ሾልካ መጥታ ነበር።

ኑሬ፦ [ሳቁ ያፍነዋል] በል እንግዲህ፣ ከኔ ቤትም የቀመሰልህ አለ።

[ልዑልሰገድም ይስቃል፤ ዓመት ሙሉ ያልሳቀውን ሳቅ፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። ኑሬ ቢላዋውን ከጨርቁ አውጥቶ፣ የጆሮ አቋሚውን በግ ገመድ ይፈታል። ልዑልሰገድ ግን ሳቁ መሐል ላይ ይቆማል። ግንባሩ ይቋጠራል። ወደ ገሠሠ ጠጋ ይላል።]

ልዑልሰገድ፦ [በሹክሹክታ] ገሠሠ... ድመቷ ግን፣ እሷም ሐሙስ ሐሙስ...

ኑሬ፦ ልዑሌ።

ልዑልሰገድ፦ አቤት።

ኑሬ፦ ናና በጉን ያዝልኝ።