ሰዓት ሠሪው ጎረቤታችንና የወንድሜ ልብ

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ክቡር ጎረቤታችን የሕንፃችን ደጅ ላይ ቆመው፣ ለምን እንደሚዘንብ ለራሱ ለዝናቡ ያስረዱት ነበር።

ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሰዓት ሲመጣላቸው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጡና "ችግሩ ታውቋል" ይላሉ። ለሰዓት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ፍሪጄንም አዳምጠው "ችግሩ ታውቋል" አሉና ፈቱት። መልሰው ሲገጥሙት ብሎን ተረፈ። "ፋብሪካው አብዝቶ ነው" አሉኝ። ፍሪጁ ዛሬ የልብስ ቁምሳጥን ነው። የአማቴን ጉልበት እንኳ አዳምጠዋል። እኔ ትምህርቴን በልጅነቴ ያቋረጥኩ ሰው፣ ምን ብዬ ልከራከር? ደግሞም ደክሞኛል።

ያን ዝናባማ ቀን ታናሽ ወንድሜ፣ ክትባት በተወጋ በጥቂት ቀኑ፣ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። ጎረቤታችን ማንም ሳይጠራቸው ከች አሉ።

"ሸሚዝህን ክፈት።"

"ጋሼ፣ እኔ ሰዓት ነኝ እንዴ?"

"ዝም በል። ሰዓት አያወራም።"

ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጠፉ። እኔ ያቺን የለመድኳትን ቃል ስጠብቅ ቀና አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"አላውቅም" አሉ። "ልጄ፣ ተነሺ፤ ሐኪም ቤት እንውሰደው።"

በጉርብትና ዘመናችን ሁሉ "አላውቅም" ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ጃንጥላ እንኳ ሳልይዝ ወንድሜን ደግፌ ወጣሁ።

ሐኪሟ የልብ ጡንቻ መቆጣት ነው አለች፤ ከክትባት በኋላ ከስንት አንዴ፣ ይበልጡን በወጣት ወንዶች ላይ የሚታይ።

"ከምን መጣ?" አልኳት።

"አንዱ ጥርጣሬ፣ በሽታ የሚከላከሉት የሰውነት ዘበኞች የራሱን የሰውየውን ልብ ባዕድ መስሏቸው ያጠቁታል የሚል ነው። ገና እየተጠና ነው፤ እርግጠኛ የሆነ የለም። አብዛኞቹ ይድናሉ። ለጥቂት ወራት ግን ሩጫም ሸክምም የለም።"

"የእኔም ውሻ እኔኑ ነክሶኛል" አሉ ጎረቤታችን በቀስታ። ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አደረገች። እኔ አልቻልኩም፤ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ወንድሜ እየተሻለው ነው። የሕንፃችን ውኃ እኛ ያለንበት አምስተኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም፤ ጀሪካን የሚያወጣልን እሱ ነበር። ከሐኪም ቤት በተመለስን ማግስት ሊያነሳ ሲል ጎረቤታችን ከእጁ ነጠቁት።

"ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ?" ብላቸው፣

"ልቤን ማንም ባዕድ አላለውም፤ ዞር በይልኝ" አሉኝ።

አሁን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ናቸው። ጀሪካናችንን አስቀምጠው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ።